ኅዳር በሚኒሶታ ሐይቆች ዳር

በዚህ በምንኖርበት በሚኒሶታ ስፋታቸው ከ10 ኤከር የማያንስ 11,842 ሐይቆች አሉ። ከሚኒያፖሊስም ሆነ ከሴንት ፖል መሀል ተነስቶ ወደየትኛውም አቅጣጫ የሚነዳ ሰው ብዙ ሳይርቅ አንዱ ዳር ይደርሳል። እኛ ግን ከእነዚህ ሐይቆች ጋር ያለን ዝምድና የበጋ ዝምድና ነው። በሞቃቱ ወራት ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን፣ ሥጋ እንጠብሳለን፣ ቡና እናፈላለን፤ ቅጠል ሲረግፍ ፊታችንን አዙረን እስከ ሜይ እንረሳቸዋለን። ከመካከላችን ጥቂቶች ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቻቸው በበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድን ለምደዋል፤ እነሱም የሚጠብቁት ሐይቁ የሚረጋበትን ቀን ነው፤ ሲረጋ ይቸኩላሉ። የዛሬው ንግግሬ በሁለቱ መካከል ስለሚቀሩት ሳምንታት ነው፤ ባጭሩ ስለ ኅዳር። የምከራከረው ነጥብ አንድ ነው፦ በኅዳር ዓሣውን ወደ ዳር የሚያመጣው የውሃ ጠባይ፣ የመጀመሪያውን በረዶ ስስና ያልተስተካከለ የሚያደርገውም እሱ ራሱ ነው። ይህን የተረዳ ሰው በረዶው አራት ኢንች እስኪሞላ ዳር ላይ ቢቆይ የሚያጣው በጣም ትንሽ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ሕይወቱን ሊሆን ይችላል።

ከውሃው እንጀምር። ውሃ እንደ ሌሎች ፈሳሾች እስከ መጨረሻው እየቀዘቀዘ እየከበደ አይሄድም። ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይቀላል። በክረምት ዓለም ሁሉ የሐይቅ ሕይወት የቆመው በዚህች በአንዲት ጠባይ ላይ ነው። በበጋ ጥልቅ የሆነ ሐይቅ በንብርብር ይከፈላል፦ ሞቃቱና ቀላሉ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ይሆናል። ሁለቱ ስለማይቀላቀሉ ከታች ያለው ኦክስጅን እያለቀ ይሄዳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደው ዓሣም ከላይ በሙቀቱ፣ ከታች በአየር እጦት ተይዞ በመካከለኛው ንብርብር ይወሰናል። ኦክቶበር ሲገባ የላዩ ውሃ እየቀዘቀዘ፣ እየከበደና እየሰመጠ ይሄዳል፤ ነፋሱም ያግዘዋል። በመጨረሻ ሐይቁ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሙቀት ይይዝና ይገላበጣል፤ ኦክስጅንም እስከ ወለሉ ይደርሳል። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን መያዙም አለ። በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው 8 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከ14 ሚሊ ግራም ያልፋል። ስለዚህ በኅዳር ዓሣውን በአንድ ንብርብር የሚያስር ነገር የለም፤ ምግብ ወዳለበት ይሄዳል።

ምግቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ዳር ነው። ሲስኮ የሚባለው ብርማ ዓሣ በጥልቅ ውሃ ይኖርና እንቁላሉን የሚጥለው ልክ በዚህ ወቅት፣ ጠጠርና ድንጋይ ወዳለበት ጥልቀት የሌለው ስፍራ መጥቶ ነው። እሱ ባለበት ሐይቅ ኖርዘርን ፓይክ፣ መስኪና ዎልአይ የሚባሉት አዳኝ ዓሦች ይከተሉታል። ሲስኮ በሌለበትም ቢሆን የውሃ ሣሩ አብዛኛው ሞቶ ስለሚበሰብስ፣ አረንጓዴነቱን ጠብቆ የቀረው ጥቂት ሣር ትንንሾቹን ዓሦች ይሰበስባል፤ ትንንሾቹ ትልልቆቹን ይጠራሉ። ዎልአይ በተለይ ዓይኑ በጨለማ እንዲያይ የተፈጠረ ነው። በዓይኑ ውስጥ በስተኋላ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ሲመሽ ከሚያድነው ዓሣ ይልቅ አጥርቶ ያያል፤ ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ዳር ይቀርባል። በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓት ከተመለሰ በኋላ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ11 ሰዓት በፊት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ5 ሰዓት በፊት ማለት ነው። በጁን ይህን የምሽት ሰዓት ለማግኘት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ መጠበቅ የነበረበት ሠራተኛ፣ አሁን ከሥራ ወጥቶ ለሁለት ሰዓት ቆሞ እራቱን ቤቱ መብላት ይችላል። መቆሚያውም ሩቅ አይደለም፦ ነፋስ የሚመታው ድንጋያማ አፍንጫ፣ ሁለት ሐይቅ የሚያገናኝ ቦይ፣ ጅረት የሚገባበት አፍ፣ ወይም በየከተማው ሐይቅ ላይ ለሕዝብ የተሠራው የእንጨት መድረክ። ጀልባ አያስፈልግም። አንድ ዘንግ፣ ጥቂት መንጠቆ፣ የግንባር መብራትና ሞቅ ያለ ጫማ ይበቃል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ዓሣ ደሙ የሚቀዘቅዘው ከውሃው ጋር ስለሆነ በብርድ ይደነዝዛል፣ አይበላም፤ ታዲያ ሰው በዚያ ብርድ ለምን ይቆማል? የተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው። ሙቀቱ ሲወርድ የዓሣው አካል ሥራ ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገው ምግብም ይቀንሳል። በጁን እንደሚያዘው ብዛት በኅዳር አይያዝም፤ የሚይዝ ካለ ለእሱ ደስታ ነው። ነገር ግን ምግብ መቀነስ ማለት መጾም አይደለም። ሴቷ ዎልአይ በጸደይ የምትጥለውን እንቁላል በሆዷ መገንባት የምትጀምረው ከክረምት በፊት ስለሆነ ልትበላ ግድ ነው። የሚለወጠው አበላሉ ነው፤ ሩቅ አሳዶ ከመያዝ ይልቅ በአፍንጫው አጠገብ በዝግታ የሚያልፈውን ይመርጣል። በበጋ እንደለመደው ክሩን በፍጥነት የሚጠቀልል ሰው ባዶ እጁን ይመለስና «ዓሣ የለም» ይላል። የጠፋው ዓሣው ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው። ቀስ ብሎ መሳብ፣ ማቆም፣ እንደገና መሳብ፤ የኅዳር ጥበብ ከዚህ ብዙም አያልፍም።

አሁን ወደ በረዶው። ሐይቁ በሙሉ 4 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ የላዩ ውሃ ሲቀዘቅዝ ስለሚቀል ከላይ ይቀራል፤ ነፋስ የሌለበት ብርዳም ሌሊት ሲመጣ ይረጋል። ግን መርጋት ርካሽ ነገር አይደለም። አንድ ኪሎ ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሆኖ ወደ በረዶ ለመለወጥ የሚያወጣው ሙቀት፣ ያው ውሃ ከ80 ዲግሪ እስከ ዜሮ ሲቀዘቅዝ ከሚያወጣው ጋር እኩል ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት አየሩ መውሰድ አለበት። ስለዚህ የውሃው መጠን፣ ጥልቀቱና ለነፋስ መጋለጡ የሚረጋበትን ቀን ይወስናሉ። በዛፍ የተከበበ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ቀድሞ ይረጋል፤ ከ80 ጫማ በላይ ጥልቀት ያለው የሚኒያፖሊሱ ብዴ ማካ ስካ ሐይቅ ደግሞ ኩሬው ከረጋ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ገና ማዕበል ያነሳል። በዚያው በአንዱ ሐይቅ ውስጥም ባሕረ ሰላጤው ሰው ሲሸከም መሀሉ ትናንት ማታ የረጋ ይሆናል። ምንጭ የሚፈልቅበት፣ ውሃ የሚጠብበት፣ ድልድይ ያለበት፣ ጅረት የሚገባበት ስፍራ ሁሉ ከአጠገቡ ይልቅ ይሳሳል። ዓሣው በክረምት አየር አጥቶ እንዳያልቅ ተብሎ የአየር መንፊያ የሚተከልባቸው ሐይቆችም አሉ፤ እዚያ በመሀል ክረምትም ክፍት ውሃ አለ፣ ሕጉም ማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲቆም ያዛል። ልብ በሉ፤ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብለን ለዳር አጥማጅ የመረጥናቸው ቦታዎች፣ ቦዩና የጅረቱ አፍ፣ ለበረዶ አጥማጅ የመጨረሻዎቹ ወጥመዶች ናቸው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ምግብ ያመጣል፣ የሚንቀሳቀስ ውሃ በረዶ ያሳሳል።

ከላይ የሚወርደው ስኖው ነገሩን ያወሳስበዋል። ሰው ሁሉ ስኖው ሲጥል ሐይቁ ይበልጥ እንደሚረጋ ያስባል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ስኖው ለሐይቁ ጋቢ ነው፣ ሙቀቱን ከውስጥ ያቆይለታል፤ ከሥሩ ያለው በረዶም ማደጉን ያዘገያል። በክብደቱ ሲጫነው ደግሞ ውሃ በስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣና ከስኖው ጋር ተደባልቆ ነጭ በረዶ ይሆናል። ነጩ አየር የበዛበት ስለሆነ ጥንካሬው የጥርቱን ግማሽ ያህል ነው። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ አራት ኢንች የሚለው አዲስና ጥርት ላለ በረዶ ነው፤ ነጭ ከሆነ እጥፉን ይጠይቃል። ውፍረቱም በየ150 ጫማው እንዲለካ ይመክራል። መለኪያው ከባድ ዕቃ አይደለም፤ እኛ ድጅኖ የምንለውን የመሰለ ረጅም የብረት ዘንግ አለ፤ እየተራመዱ ከፊት ይወጋሉ፤ በአንድ ምት ካለፈ ባሉበት ቆመው በመጡበት ዱካ ይመለሳሉ። ከዚያ በመሰርሰሪያ በስቶ በሜትር መለካት ነው።

ለመሆኑ አራት ኢንች ከየት መጣ? ብዙ ሰው ይህን ቁጥር የመንግሥት ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አድርጎ ያየዋል፤ ሁለትም ሦስትም ይበቃል የሚል አይጠፋም። ስሌቱን ያየ ግን እንዲህ አይልም። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ዮዜፍ ሽቴፋን በ1891 እንዳሳየው የበረዶ ውፍረት የሚያድገው በተጠራቀመው ብርድ ስኩዌር ሩት ልክ ነው፤ በረዶው ራሱ ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚጋርድ፣ በወፈረ ቁጥር እድገቱ ይዘገያል። በሌላ በኩል ካናዳዊው ሎርን ጎልድ በ1971 ባወጣው ቀመር በረዶ የሚሸከመው ክብደት ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። በጥንቃቄ ሲሰላ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ኢንች ገደማ የሆነ ጥርት ያለ በረዶ ወደ 90 ኪሎ ይሸከማል። የክረምት ልብስ የለበሰ፣ መሰርሰሪያ የያዘ፣ ቦርሳ የተሸከመ ጎልማሳ በቀላሉ ይህን ያልፋል። አሥር ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አራት ኢንች ሲሆን ግን ወደ 350 ኪሎ ይደርሳል። ውፍረቱ እጥፍ ሆነ፣ ጉልበቱ አራት እጥፍ። አሁን ሁለቱን ቀመር አንድ ላይ አንብቧቸው። የቀኑ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ በሆነበት ሳምንት፣ በግምት ሁለት ኢንች በአንድ ቀን ከሩብ፣ አራት ኢንች በአምስት ቀን ይሠራል። ታዲያ የቸኮለው ሰው ከታገሠው የቀደመው በአራት ቀን ገደማ ነው፤ የታገሠው የቆመበት ወለል ግን አራት እጥፍ ይጠነክራል። እንዲህ ያለ ገበያ የትም አይገኝም።

«የመጀመሪያው በረዶ እኮ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው፤ የዘገየ ያጣዋል» የሚለውን ከልምድ የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ ላቃልላቸው አልፈልግም፤ እውነታቸውን ነው። በረዶው ገና እንደረጋ ዓሣው ኅዳር በነበረበት በዳሩ ሣር አጠገብ ነው፤ ኦክስጅኑም ገና አላለቀም፣ ከላይም የሞተርና የእግር ኮቴ አልበዛም። በጃንዋሪ ስኖው ብርሃኑን ሲጋርድ ሣሩ ይሞታል፣ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዓሣውም ይበተናል ወይም ይደነዝዛል። ነገር ግን ይህ መልካም ጊዜ የሚቆየው ለአንድ ቅዳሜ ሳይሆን ለሳምንታት ነው፤ ከእሱ ላይ ሦስትና አራት ቀን ቢቀነስ አያልቅም። ደግሞም ዓሣው ዳር ከሆነ ወደ መሀል የሚያስሮጥ ምን አለ? ቀድሞ የሚረጋውና ቀድሞ የሚወፍረው ጥልቀት የሌለው ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ክራፒና ብሉጊል የሚባሉት ዓሦችም ያሉት እዚያው ነው። በዚህ ወቅት ከጥንቃቄ ጋር የሚጋጭ ስግብግብነት እንኳን ትርፍ የለውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በሐይቅ ላይ ግን የፈሰሰውን ለመልቀም የሚመለስ ሁሉ አይገኝም።

«ሌሎች ላዩ ላይ ናቸው፤ እነሱን የያዘ እኔንም ይይዛል» የሚለው ሙግት ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ለእኛ ለስደተኞች ከአገሬው መማር ልማድና ጨዋነት ነው። ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ ረግተው አያውቁም፤ በረዶ አይቶ የሚመዝን ዓይን ከአባት አልወረስንም። ስለዚህ የሚያውቀውን መከተል ተገቢ ይመስላል። ግን በሰሜን ሚኒሶታ ያለው አፐር ሬድ ሐይቅ የአገሬውን ሰው ዕውቀትም ገደብ አሳይቶናል። በኖቬምበር 28 ቀን 2022 200 ያህል አጥማጆች የቆሙበት በረዶ ከዳሩ ተገንጥሎ ሄደባቸው። በሚቀጥለው ዓመት በዲሴምበር 29 ደግሞ በዚያው ሐይቅ 122 ሰዎችን ማዳን አስፈለገ። ሐይቁ ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ከትልልቆቹ ሐይቆች ሁሉ ቀድሞ ይረጋል፤ ልምድ ያላቸው አጥማጆች የሚሽቀዳደሙትም ለዚህ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሕዝቡ በሕይወት ወጣ፤ ይህ ግን የነፍስ አድን ሠራተኞች ሥራ እንጂ የበረዶው ቸርነት አልነበረም። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሰው ብዛት መለኪያ አይደለም። ሁለተኛ፣ በራሴው ክርክር ላይ ገደብ ማድረግ አለብኝ፦ አራት ኢንች አስፈላጊ እንጂ በቂ አይደለም። በሰፊ ሐይቅ ላይ ውፍረቱን የለካ ሰው ነፋሱን ካልለካ ምንም አልለካም፤ ከዳር ወደ መሀል የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ወፍራሙንም ቆርሶ ይወስደዋል። ለጀማሪ ቤተሰብ ትንሹ የከተማ ሐይቅ ከታዋቂው ሰፊ ሐይቅ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

የአየሩ ጠባይ መለወጥም ክርክሩን ያጠነክረዋል። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ጆን ማግኑሰንና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከ1846 እስከ 1995 ያለውን መዝገብ መርምረው፣ በሰሜናዊው የምድር ክፍል ሐይቆችና ወንዞች የሚረጉበት ቀን በመቶ ዓመት ወደ ስድስት ቀን ያህል እንደዘገየ አሳይተዋል። በሚኒሶታ የ2023–24 ክረምት በመዝገብ ከታዩት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። በካናዳ የዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ሳፕና ሻርማ ከባልደረቦቿ ጋር በ2020 ያወጣችው ጥናት ደግሞ የብዙ አገሮችን የመስጠም አደጋ መዝግቦ፣ ክረምቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ቁጥር በበረዶ ውስጥ የሚሰጥመው ሰው እንደሚበዛ አሳይቷል። የሚገርም አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያው ዲሴምበር ሲል ሰው በልማዱ ወደ ሐይቁ ይወጣል፣ በረዶው ግን ቀን መቁጠሪያ አያነብም። የበረዶው ወቅት ሲያጥር የዳሩ ወቅት ይረዝማል። የዳር ማጥመድን የሚያውቅ ሰው የረዘመውን ኅዳር ይጠቀምበታል፤ የማያውቅ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ይናደዳል፣ ከዚያም ይቸኩላል።

ዳሩ ግን አደጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ውርጭ የያዘው ድንጋይ ያንሸራትታል፤ የኅዳር ውሃ ደግሞ ዋና ለሚያውቀውም ምሕረት የለውም፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ደግሞ ዋና ሳንማር ያደግን ነን። በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ብርድና ስለ ሰው አካል ያጠኑት ጎርደን ጊስብሬክት ነገሩን በሦስት ቁጥር አስቀምጠውታል፦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመግራት አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግሩ እየታዘዙት ራሱን ለማውጣት አሥር ደቂቃ፣ ከብርድ የተነሳ ራሱን እስኪስት አንድ ሰዓት ያህል አለው። ብዙ ሰው የሚሞተው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ ደንግጦ ውሃ ስቦ። ስለዚህ በዳርም ሆነ በበረዶ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ከካፖርቱ ላይ ይለበስ፤ ብቻ አይኬድ፤ በበረዶ ላይ ደግሞ ሁለት የእጅ ሹሎች በአንገት ይንጠልጠሉ። የወደቀ ሰው ወደመጣበት ዞሮ፣ ሹሎቹን ሰክቶ፣ እግሩን እየመታ በደረቱ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ እየተንከባለለ ይራቅ እንጂ አይቁም። ልጆች ካሉ እነሱ በረዶው ላይ ከሁሉ በኋላ ይግቡ፤ የሚያመዛዝነው ትልቁ ሰው ቀድሞ ለክቶ ሲመለስ።

በመጨረሻ ላነሳው የቀረኝ «ይህ ሁሉ ለምን? ዓሣ ከሱቅ ይገዛል» የሚለው ነው። ይገዛል። ነገር ግን ኖቬምበር ሲገባ በየአፓርትማችን ውስጥ የሚሆነውን እናውቀዋለን፤ ሥራ፣ መኪና፣ ስልክ፣ እንቅልፍ። ልጆቹ የአገሩን ክረምት የሚያውቁት በመስኮት ነው፤ አያቶቻቸው ደግሞ እስከ ፋሲካ ከቤት አይወጡም። ሁለት ሰዓት በሐይቅ ዳር መቆም ይህን ሁሉ ባይፈውስም፣ ከሚከፈልበት ጂም ይረክሳል። ሕጉንም ለማወቅ ብዙ አይፈጅም፦ 16 ዓመት የሞላው የአገሩ ነዋሪ ፈቃድ ያወጣል፤ በክፍት ውሃ አንድ ክር፣ በበረዶ ላይ ሁለት ክር ይፈቀዳል፤ የዎልአይና የፓይክ ወቅት በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሲዘጋ ክራፒና ብሉጊል ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። አንድ ነገር ግን ለእኛ ይለያል። አራት ኢንች የሚሞላበት ሰሞን ከኅዳር 15 እስከ ገና ከሚቆየው ከጾመ ነቢያት ጋር ይጋጫል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ልተወውና፣ የማይበላ ሰው ለገና ብሎ በማቀዝቀዣ ቢያስቀምጥ ማወቅ ያለበትን ብቻ ልናገር፦ በሚኒሶታ ሕግ አንድ ሰው እንዲይዝ የተፈቀደለት ቁጥር የሚቆጠረው በዕለቱ በእጁ ባለው ብቻ ሳይሆን በቤቱ ማቀዝቀዣ ባለውም ጭምር ነው።